ኬላው ሲጠብ፦ ከቦንጋ ገበያ እስከ አንጎል ደጃፍ

ስለ ካፋ ታሪክ ወሬ ሲነሳ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ቡናው ነው። ካልዲና ፍየሎቹ፣ የማንኪራ ጫካ፣ ፈረንጆቹ ለቡና የሰጡት ስም ከ«ካፋ» መጣ አልመጣም የሚለው የማያልቅ ክርክር… ዛሬ ግን ጀበናውን ለጊዜው ከእሳቱ ዞር እናድርገውና (እንመለስበታለን) ስለ ኬላ እናውራ።

የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 በአጼ ምኒልክ ጦር እስኪወድቅና የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እስኪማረክ ድረስ በሩን የዘጋ አገር ነበር። ዘጋ ስንል የአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም። በሰሜን በኩል ጎጀብ ወንዝ አለ። ድንበሩን ተከትሎ ጥልቅ ጉድባ ተቆፍሯል። መግቢያና መውጫው ዘብ በቆመባቸው ኬላዎች ብቻ ነው። ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጭኖ የመጣ ነጋዴ እንዳሻው ወደ መሃል አይዘልቅም፤ ቦንጋን በመሰሉ የንግድ መንደሮች ይቆማል፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ኮረሪማውን፣ (እውነቱን እንናገር ከተባለ) ባሪያውንም ገዝቶ በመጣበት ኬላ ይመለሳል። የ1897ቱ ዘመቻና ያደረሰው ጥፋት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ዛሬ አንነካውም። እኛን የሳበን ሌላ ነገር ነው። ኬላ ያለው አገር ውስጥ የገበያው መድለብ ብቻውን የማንንም ማጀት አይሞላም። ጎጀብ ማዶ መቶ የበቅሎ ጭነት ቢደረደር ወደ ውስጥ የሚገባው በረኛው ያሳለፈው ያህል ነው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ የቀረው ጽሑፍ በሙሉ የሷ ማብራሪያ ነው።

አንድ ሰው እናስብ። ስም አንሰጠውም፣ ቢጤው ብዙ ነውና። የቼና ወረዳ ገበሬ ነው፤ ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው። ወራት ሙሉ ውሃ አልጠግብ አለ፣ ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት ይነሳል፣ ልብሱ ሰፋው። ጠበልም ተሞከረ፣ ቅጠልም ተጠጣ። በመጨረሻ ቦንጋ ሆስፒታል ደርሶ ጣቱን ሲወጋ መለኪያው ከ400 በላይ አሳየ። «ስኳር አለብህ» ተባለ። ኢንሱሊን ተጀመረለት። ውሃ ጥሙ ጠፋ፣ እንቅልፉ ተመለሰ፣ ስኳሩም እየወረደ መጣ። ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ላብ አጠመቀው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ጭጋግ ለበሰ፣ ርሃብ ሞረሞረው። ተደግፎ ሄደና ተለካ፦ 95።

«ሲስተር፣ መርፌው ሊገድለኝ ነው!»

«እንዴ ወንድሜ፣ 95 እኮ ነው! የኔም ቢለካ ይኸው ነው።»

ሰውየው አላመነም። ቤቱ ገባ፣ የካፋ ቤት ማር አያጣምና ማር በውሃ ተበጥብጦ ተሰጠው፣ ነፍሱ መለስ አለች። ያን ቀን ማታ መርፌውን አልወጋም፤ በማግስቱም አልወጋም። ጎረቤትም ፈረደ፦ «ድሮም መርፌው ነው!» ልብ በሉ፣ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ሰው ኢንሱሊን ሲያቋርጥ ቀኑ የተቆጠረ ነው፤ ደሙ ይመርዛል፣ ራሱን ይስታል።

ከሁለቱ የዋሸው ማን ነው? ማንም። ቁጥሩም ጤነኛ ነው፣ ሰውየውም በእውነት ተንቀጥቅጧል። ሁለቱ እውነቶች እንዴት አንድ ደረት ውስጥ እንደገቡ ለመረዳት የሰው ልጅ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

ከአንጎል እንጀምር። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ፣ አርፈን ስንቀመጥ ከምናቃጥለው ጉልበት 20 በመቶ ገደማውን ብቻውን ይበላል። በቀን ከ100 ግራም በላይ ግሉኮስ ይፈልጋል። ጎተራ ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው። እንዲህ የሚበላ አካል ደግሞ ዙሪያውን ጉድባ ቆፍሯል። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊህ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ በእንስሳት ደም ውስጥ የተጨመረ ቀለም ሌላውን አካል ሁሉ ሲያቀልም አንጎልን እንዳለ እንደተወው ገልጾ ነበር። ኤርሊህ አንጎል ቀለም የማይዝ ሥጋ ስለሆነ መሰለው። ተማሪው ኤድዊን ጎልድማን በ1913 ነገሩን ገለበጠው፦ ቀለሙን በደም በኩል ሳይሆን በቀጥታ አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ቢጨምረው አንጎል ተነከረ፣ ሌላው አካል ግን ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ቀለሙንማ አንጎል ይይዛል። የከለከለው አጥር ነው። ዛሬ አጥሩ ምን እንደሆነ እናውቃለን፦ በአንጎል ውስጥ ያሉት ደቃቅ የደም ስሮች ግድግዳ ሴሎች እርስ በርስ ጥብቅ ብለው ተሰፍተዋል፤ በመሃላቸው ሾልኮ የሚያልፍ ነገር እምብዛም የለም።

ግሉኮስስ? በኬላ ይገባል። በረኛው ፕሮቲን ነው፣ ስሙ ግሉት-1። የተሠራበት ቅደም ተከተል የተነበበው በ1985 ነው። ደም ውስጥ ያለውን ግሉኮስ አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ውስጥ ያሻግራል። ሁለት ጠባዮቹን አስታውሱ። አንደኛ፣ የኢንሱሊንን ትእዛዝ አይጠብቅም። ጡንቻና ስብ በራቸውን የሚከፍቱት ኢንሱሊን ሲያንኳኳ ነው፤ የአንጎል ኬላ ግን ያለሱም ይሠራል። ስለዚህ «ኢንሱሊን ስለሌለው አንጎሉ ተራበ» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ በሩን አሳስቷል። ሁለተኛ፣ የበረኞቹ ቁጥር ውስን ስለሆነ ሁሉም ሥራ ላይ ከሆኑ በኋላ ደጅ ላይ ስኳር ቢከመር የሚገባው በዚያው ልክ አይጨምርም። ይህን ሁለተኛውን፣ ማለትም ግሉኮስ ወደ አንጎል የሚገባው እንዲሁ በመስረግ ሳይሆን በአሻጋሪ እንደሆነ፣ በ1965 ያሳየው ክርስቲያን ክሮነ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ነው።

ዴንማርክ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ታሪኩ ደስ ይላል። አውጉስት ክሮግ የደቃቅ የደም ስሮችን አሠራር መርምሮ በ1920 የኖቤል ሽልማት ያገኘ የኮፐንሃገን ሰው ነው። ባለቤቱ ማሪ ራሷ ሐኪምና ተመራማሪ ስትሆን የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። በ1922 ባልና ሚስት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ እሱ ዬል ዩኒቨርሲቲ ንግግር ሊያደርግ ተጋብዞ ነበር። ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን የሚባል ነገር ሰው ማዳን ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም። ሰዎቹ ቶሮንቶ ጎራ ብለው ፈቃዱን ይዘው ተመለሱ፤ በ1923 ክሮግና ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን ኮፐንሃገን ላይ የኢንሱሊን ማምረቻ አቋቋሙ። በ1940ዎቹ ከዚሁ ቤት የወጣው ደመና የመሰለ ኢንሱሊን «ኤን.ፒ.ኤች» ይባላል። የመጨረሻዋ «ኤች» ሃገዶርን ናት። የቼናው ገበሬያችን ከመውጋቱ በፊት በመዳፎቹ መካከል ቀስ እያለ የሚያንከባልላት ብልቃጥ ያቺው ናት። ለሚስት ሲባል የተሄደ መንገድ የት የት እንደሚያደርስ እዩልን!

እንግዲህ በዚያው ከተማ፣ ክሮነና ተባባሪው አልበርት ጄደ በ1981 አንድ አጭር ጥናት አወጡ። መነሻቸው የኛ ገበሬ ጥያቄ ነው፦ ስኳራቸው ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የኖረ ሰዎች በፍጥነት ወደ ጤነኛ ቁጥር ሲወርዱ ለምን ስኳራቸው የወረደ ያህል ይሰማቸዋል? አይጦችን ለሳምንታት በከፍተኛ ስኳር አኖሩና ኬላውን ለኩት። ለ100 ግራም አንጎል በደቂቃ 400 ማይክሮሞል የነበረው የኬላው ከፍተኛ አቅም ወደ 290 ወርዷል። ስኳሩን ወደ ጤነኛ መጠን ሲመልሱት ደግሞ ወደ አንጎል የሚገባው ግሉኮስ ከጤነኛ አይጥ 20 በመቶ ያነሰ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ውስጥ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች ተመሳሳይ ነገር አገኙ።

ደጅ ላይ ስኳር ሲጎርፍ በረኛው ከፊሉን በር ዘጋ ማለት ነው። መዝጋቱ ሞኝነት አይደለም፣ ጎርፍ ሲመጣ እንዲሁ ይደረጋል። ችግሩ ጎርፉ ሲጎድል ነው። ገበያው ወደ ልኩ ይመለሳል፣ የተዘጋው በር ግን በአንድ ጀምበር አይከፈትም። በዚያ መሃል ያለው ጊዜ የአንጎል ጾም ነው።

አይጥ ሰው አይደለችም የሚል አንባቢ አለ፤ ልክ ነው። በ1988 ሴንት ሉዊስ፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ፊሊፕ ክራየር ያሉበት ቡድን በሰው ላይ ጠየቀ፦ ስኳር ቀስ እያለ ሲወርድ ሰው መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ስንት ላይ ነው? ጤነኞቹ 53 ላይ ምልክት ጀመራቸው። ስኳራቸው ሳይያዝ የኖሩት ሕመምተኞች ግን በአማካይ 78 ላይ። 78 በማንም መለኪያ ጤነኛ ቁጥር ነው! አማካይ ነውና ከዚያም ከፍ ብሎ የሚጀምረው አለ። የገበሬያችን 95 ቅዠት አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ነገሩ ተገላቢጦሽም አለው። ስኳሩን በጣም አጥብቆ የያዘና ደጋግሞ የሚወርድበት ሰው አንጎሉ ዝቅተኛውን ይለምዳል። በ1995 የወጣ ሌላ ጥናት እንዳሳየው የእነዚህ ሰዎች አንጎል ደም ውስጥ ስኳር ሲያንስም ድርሻውን መውሰዱን ይቀጥላል፣ ስለዚህ ደወሉ አይደወልም። ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳያልበው፣ እያወራ ድንገት ይወድቃል። የመጀመሪያው ሰው በከንቱ የሚጮህ ዘብ አለው፣ ሁለተኛው ደግሞ የተኛ ዘብ። ሐኪሞች የሚፈሩት ሁለተኛውን ነው፤ እኛ አገር ሰው መርፌ የሚያስጥለው ግን የመጀመሪያው ይመስለናል።

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ ያምር ነበር። ግን አያምርም። ግሉኮስን በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ በማግኔት ማሽን መለካት ሲቻል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስኳራቸው ያልተያዘ ሕመምተኞችንና ጤነኞችን ደማቸውን እኩል 300 ላይ አድርገው አወዳደሩ። በ2005 ያወጡት ውጤት፦ በአንጎላቸው ውስጥ ያለው ግሉኮስ የጎላ ልዩነት የለውም። የአይጡ ኬላ በሰው ላይ የለም እንዴ? ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ዬል ላይ (ክሮግ ንግግር ያደረገበት ዬል) ሌላ መልስ መጣ። የደም ስኳር ወደ 220 ከፍ ሲደረግ የቀጭን ጤነኞች አንጎል ውስጥ ግሉኮስ ቶሎ ጨመረ፤ ከመጠን በላይ ወፍራም በሆኑትና ዓይነት 2 ስኳር ባለባቸው ላይ ግን ጭማሪው የደበዘዘ ነበር። በ2022 ይኸው ቡድን በጥቂት ሕመምተኞች ላይ ስኳራቸውን ለ12 ሳምንት በደንብ አስይዞ ደግሞ ሲለካ የደበዘዘው መሻሻል ጀምሯል። በሩ የሚዘጋ ከሆነ የሚከፈትም ነው።

እኛ ከዚህ ሁሉ የምንይዘው ይህን ነው። የስሜቱ እውነትነት ተለክቶ ያለቀ ነገር ነው፤ ክርክር የለውም። መነሻው ኬላው ብቻ ነው ወይስ ደወሉን የሚደውሉት የአንጎል ክፍሎች ራሳቸው ልማዳቸው ተቀይሮ ነው የሚለው ግን ገና አልተዘጋም፤ ምናልባትም ሁለቱም ናቸው። «ሳይንስ አረጋገጠ» ብሎ የአይጡን ቁጥር በሰው ላይ የሚለጥፍ ጽሑፍ ካያችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

አሁን ወደ አገራችን። የስኳር በሽታ «የሀብታም በሽታ» ነው ሲባል ያደግን ሰዎች ነን። ቦርጭ፣ ወንበር፣ ለስላሳ መጠጥ… በጎንደር እነ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ፣ ኋላም ጅማ ላይ ያሉ ሐኪሞች፣ ከብሪታንያዊው ኤልድሪድ ፓሪ ጋር ሆነው የከባድ ሕመሞችን ክትትል ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ሲያወርዱ ያገኙት ግን ሌላ ሰው ነው። ቀጭን፣ ድሃ፣ ወጣት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ገበሬ፣ ያለ ኢንሱሊን የማይሻለው። የጎንደሮቹ በ2009 ባወጡት ጽሑፍ «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር መዝገብ እንደገና እንክፈተው ወይ?» ብለው እስከ መጠየቅ ደረሱ። መዝገቡ የተዘጋ ነበርና ነው። ይህ ዓይነቱ ስኳር በ1955 ከጃማይካ ተዘግቦ፣ በ1985 በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ውስጥ ገብቶ፣ በ1999 ከምደባው ወጥቷል። ባንኮክ ላይ በሚያዝያ 2025 የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጠው። እስከዚያ ድረስ የኛ ገበሬ ስም አልነበረውም ማለት ነው፤ ወይ ዓይነት 1 ወይ ዓይነት 2 ተብሎ ይጻፍለታል።

ለምን አነሳነው? ከፍ ባለ ስኳር ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የሚኖረው በብዛት እሱ ስለሆነ ነው። ቦንጋ ከጅማ ከመቶ ኪሎሜትር በላይ ይርቃል፤ ከቦንጋ ወደ ዴቻ ቆላ ወይም ወደ ጌሻ ደጋ ያለው መንገድ ደግሞ በክረምት ሌላ ታሪክ ነው። ከተሜው ስኳሩ 200 ሲገባ ይለካል፣ እሱ 400 ላይ ወራት ይከርማል። ኬላው በጣም የሚጠበውም፣ ሲወርድ በጣም የሚንቀጠቀጠውም እሱ ነው። መለኪያ ማሽን ደግሞ ቤቱ የለም። ስለዚህ «95 ነው» የሚለው የሲስተር መልስ እሱ ጋ የሚደርሰው በገበያ ቀን ነው፤ በሌላው ቀን ከራሱ ገላ በቀር መለኪያ የለውም።

መለኪያ የሌለው ሰው ሲንቀጠቀጥ ማር መቅመሱ ስህተት አይደለም። ምናልባት እውነት ወርዶበት ይሆናላ! ከ70 በታች ከሆነ ጣፋጭ ነገር መውሰድ ግዴታ ነው፣ ሳይለካ ለመገመት መሞከር ደግሞ ቁማር ነው። ስህተቱ ከማሩ በኋላ ይመጣል፦ የማታውን መርፌ መተው። አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ቢነገረው ኖሮ («ወንድሜ፣ ስኳርህ ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ስለኖረ ወደ ልኩ ሲመጣ ለጥቂት ሳምንት የወረደ ይመስልሃል፤ ቅመስ፣ መርፌህን ግን እንዳትተው፣ እኔም መጠኑን ቀስ እያልኩ ነው የማስተካክልልህ») ጎረቤት ባልፈረደ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ከ1981 ጀምሮ በሳይንስ መጽሔት ላይ አለ። በካፊኛ ቢነገር ደግሞ እንዴት ያምራል።

ጀበናውን ረስተነዋል… ቡናና የአንጎል ኬላ ዝምድና አላቸው፣ ቀልድ አይደለም። ዬል ላይ በ1993 የተሠራ ጥናት ካፌን ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም እንደሚቀንስ፣ ስኳር በመጠኑ ሲወርድም ካፌን የወሰደ ሰው ምልክቱ ቶሎና ጎልቶ እንደሚሰማው አሳየ። በ1996 ኢንሱሊን በሚወስዱ ሕመምተኞች ላይ ሲደገምም እንዲሁ ሆነ። ቡና የተኛውን ዘብ ይቀሰቅሳል። ለዚያ ደወሉ ለተኛበት ሰው ይህ በረከት ሊሆን ይችላል። በከንቱ ለሚጮህበት ለኛ ገበሬ ግን ከሦስተኛው ስኒ በኋላ የመጣው መንቀጥቀጥ የመርፌው ነው፣ የኬላው ነው ወይስ የቡናው የሚለውን ጭራሽ ያወሳስበዋል። ለካፋ ሰው «ቡና ቀንስ» የሚል ሐኪም መቼም ደፋር ነው! ይልቅ ሲኒው ውስጥ የሚገባውን ማየት ይሻላል። ወንጂ በ1954 ስኳር ማምረት ከመጀመሩ በፊት የአብዛኛው ገጠር ቡና በጨው ነበር የሚጠጣው። ዛሬ የኦሞ ኩራዝ የሸንኮራ ፕሮጀክት ለካፋ ቆላ ጎረቤት ሆኗል። በከተማ ያለን ደግሞ ሦስት ማንኪያ ጨምረን እናማስላለን።

የሚኒሶታና የዬል ማሽኖች ውስጥ የተኙት ሰዎች ዓይነት 1፣ ዓይነት 2፣ ወፍራምና ጤነኛ ተብለው ተለይተው ነበር። ዓይነት 5 የሚባል ረድፍ አልነበረም። ቼና ላይ ያ ቀጭን ሰው ብልቃጡን እንዳይሞቅ በእርጥብ አሸዋ ላይ ካስቀመጠው ማሰሮ ያወጣል፣ በመዳፎቹ መካከል ያንከባልላታል። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ ማሩን በስኒ ይዛ አጠገቡ ቆማለች።